ከጥማድ እስከ ኮምባይነር፦ የገበሬ የሥራ ቀን ፍሬ ከአገር አገር ለምን ይለያያል?

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የዕድር አዳራሽ ለአርሶ አደሮችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከየትምህርት ቤቱና ከየኮሌጁ የመጣችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። የዕድሩ አመራሮች አዳራሹን ስለፈቀዱልን፣ እናቶቻችንም ከማለዳ ጀምሮ ቡናውን ስላሰናዱልን ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ከፊት ወንበር ከተቀመጡት አባቶች መካከል በዚያው ሜዳ ላይ ጤፍና ሽምብራ እያፈራረቁ ሲዘሩ የኖሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእኔም አባት ያረሱት ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ቦታ ነው።

ባለፈው ወር ከለቅሶ ስንመለስ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ የአሜሪካ ገበሬ ከቤተሰቡ ጋር ብቻውን ሆኖ ብዙ መቶ ሄክታር ያለማል፤ የእኛ ገበሬ አንድ ሄክታር ይዞ ከመኸር እስከ መኸር የሚያደርስ እህል አያገኝም። የእኛ ሰው ሥራ አይወድም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ልቤ አዘነ። ልጁ ሳይታወቀው የሚናገረው ስለ ገዛ አያቱ ነበር፤ አያቱም ከዶሮ ጩኸት እስከ ማታ እጃቸውን ከእርፍ የማያነሱ ሰው እንደ ነበሩ በዓይኔ ያየሁት ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ልጅ የምሰጠው መልስ ነው። በአራት ነገሮች ላይ እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ልኬቱ፣ ቀጥሎ መሬት የተትረፈረፈላቸውና መሬት የጠበባቸው አገሮች ስለ ሄዱባቸው ሁለት መንገዶች፣ ከዚያም ስለ ራሳችን፣ በመጨረሻ ደግሞ ከእርሻ ስለሚወጣው ሰው።

አንደኛ፣ ስለ ልኬቱ። ምርታማነት ስንል ሁለት ነገሮችን እናደባልቃለን። አንዱ ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ የሚለው ነው፤ ሌላው አንድ ሰው በአንድ የሥራ ቀን ስንት ኪሎ አመረተ የሚለው ነው። የመጀመሪያው የመሬቱን ፍሬ፣ ሁለተኛው የጉልበቱን ፍሬ ይለካል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል አስተሳስረዋቸው ነበር። ጥማድ ስንል ሁለት በሬዎችን ማለታችን ነው፤ ጥማድ መሬት ስንል ደግሞ ያ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን፣ ወደ ሩብ ሄክታር የሚጠጋውን መሬት ማለታችን ነው። መሬቱን የለኩት በሥራ ቀን ነበር። እኔም ዛሬ የምለካው በዚያው በአባቶቻችን መለኪያ ነው።

በ1974 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ፣ መምህራችን በክረምቱ ወደየቤታችን ስንሄድ የወላጆቻችንን የሥራ ቀን በደብተር እንድንመዘግብ አዘዙን። አባቴ አንድ በሬ ብቻ ስለ ነበራቸው ከጎረቤታቸው ጋር በመቀናጆ ያርሱ ነበር፤ ማለትም ሁለቱ ሰዎች አንዳንድ በሬያቸውን አቀናጅተው ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ያርሳሉ። አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር የሚሆን የጤፍ ማሳ አራት ጊዜ ታርሶ 16 ቀን ወሰደ። ማሳውን በከብት ለማስረገጥና ለመዝራት 2 ቀን ሄደ። ለአረም በደቦ የወጣው ሰው ሲቆጠር 30 የሰው ቀን ሆነ፤ ለአጨዳ 18፣ ለመከመር፣ በአውድማ ላይ ለመውቃትና በመንሽና በላይዳ ለማዝራት 20 ቀን ሆነ። ድምሩ 86 የሰው ቀን ነው። ዝናቡ ጥሩ ስለ ነበረ የተገኘው 11 ኩንታል ነበር። ስናካፍለው ለአንድ የሰው ቀን ከ13 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ጤፍ ይደርሳል። ደቦውን የመገበችው እናቴ ቀንና ከብቱን የጠበቀው ታናሽ ወንድሜ ቀን በዚህ ሒሳብ አልገባም። ያኔ አስገባው ዘንድ አላሰብኩም፤ መምህሩም አልጠየቁኝም፤ ዛሬ ግን ያ ደብተር ጎዶሎ መሆኑ ይቆጨኛል።

እስቲ ይህን ቁጥር ያዙልኝ። 86 ቀን፣ 11 ኩንታል። ከዚያ ሰነፍ ማን እንደሆነ ንገሩኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሁለቱ መንገዶች። በአሜሪካ የግብርና መዛግብት እንደተጻፈው፣ 100 ቡሽል፣ ማለትም ወደ 27 ኩንታል ስንዴ ለማምረት እ.ኤ.አ. በ1800 373 የሥራ ሰዓት ያስፈልግ ነበር። በ1840 ወደ 233፣ በ1900 ደግሞ ወደ 108 ሰዓት ወረደ። ቀኑን አሥር ሰዓት ብናደርገው፣ የአንድ ሰው ቀን በመጀመሪያ ወደ 73 ኪሎ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ 250 ኪሎ ስንዴ አስገኘ ማለት ነው። ጤፍና ስንዴ አንድ እንዳልሆኑ፣ ስንዴ የጤፍን ያህል ደጋግሞ ማረስና ማረም እንደማይጠይቅ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ማነጻጸሪያው ሻካራ ነው። እኔ እንድታዩት የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። በእነዚያ መቶ ዓመታት የአሜሪካ ገበሬ ከአንድ ሄክታር የሚያገኘው ስንዴ አልጨመረም። በ1800 ወደ 10 ኩንታል ነበር፤ በ1900 ዘጠኝ ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። ከአባቴ የጤፍ ማሳ አይበልጥም! ከሄክታሩ የሚገኘው ምርት ያው ሆኖ፣ የሰውየው ቀን ከሦስት እጥፍ በላይ አፈራ። እንዴት?

አንድ ገበሬ በቀኑ የሚያገኘው ምርት ከሁለት ነገሮች ብዜት ይመጣል፤ በእጁ ስንት ሄክታር አለ፣ ከእያንዳንዱ ሄክታርስ ስንት ኩንታል ያገኛል። አሜሪካኖቹ በዚያ ዘመን ያሳደጉት የመጀመሪያውን ነው። መሬት በብዛት ነበራቸው፤ ቅጥር ሠራተኛ ግን ውድ ነበር፤ ምክንያቱም በሰው እርሻ ላይ ከመቀጠር ይልቅ ወደ ምዕራብ ሄዶ የራስን መሬት መያዝ ይቻል ነበር። በ1862 የወጣው ሕግ ለአንድ ሰፋሪ ቤተሰብ 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር መሬት ይሰጥ ነበር። ያ መሬት ባዶ እንዳልነበረ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች እንደተወሰደ፣ በደቡቡም እርሻ የቆመው ለረጅም ጊዜ በባሪያ ጉልበት እንደ ነበረ መዝለል አይገባኝም፤ ያለ እነዚህ ሁለት በደሎች የአሜሪካን እርሻ ታሪክ የሚናገር ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ለሰፋሪው ግን ችግሩ «ይህን ሁሉ መሬት በማን ጉልበት?» የሚል ነበር። ሳይረስ ማኮርሚክ በ1831 በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ ሞከረ፤ ጆን ዲር በ1837 የሚያጣብቀውን የሜዳ አፈር የሚገለብጥ የብረት ማረሻ ሠራ። እነዚህ መሣሪያዎች ገበያ ያገኙት የሰው ጉልበት ውድ ስለ ነበር ነው። ያው ማጨጃ በዚያው ዓመት ጭሰኛ በርካሽ ወደሚገኝበት አገር ቢሄድ ማን ይገዛው ነበር?

ጃፓኖች ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነበረባቸው። የገበሬው ይዞታ በአማካይ ወደ አንድ ሄክታር፣ ማለትም እዚህ ከተቀመጡት አባቶች የአብዛኞቻቸውን ያህል ነበር። ሰው ብዙ፣ መሬት ጥቂት ስለ ነበረ ማጨጃ ማሽን አልቸኮላቸውም፤ የቸኮላቸው ዘርና ማዳበሪያ ነበር። ልምድ ያላቸው ገበሬዎች የሩዝ ዘርን በጨው ውሃ ውስጥ እየነከሩ የሚንሳፈፈውን ገለባማ ዘር ይጥሉ፣ የሚሰጥመውን ይዘሩ ነበር። የዓሣ ቅሪትና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ለማዳበሪያነት ይገዙ ነበር። መንግሥታቸው ይህን የገበሬ ዕውቀት ሰብስቦ ወደ ምርምር ጣቢያ አስገባው። መሬቱን ማስፋት ስላልቻሉ እያንዳንዱን ሄክታር አሳደጉ።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙበት ታሪክ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1935 ኖሪን 10 የተባለ አጭር ስንዴ አወጡ፤ ከወላጆቹ አንዱ ጃፓናዊ፣ ሌላው ከአሜሪካ የሄደ ዝርያ ነበር። ስንዴው አጭር በመሆኑ ብዙ ማዳበሪያ ሲሰጠው ዛላው ከብዶት አይጋሸብም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ዘሩ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከዚያ በሜክሲኮ የስንዴ ዝርያ ያሻሽሉ ለነበሩት ለዶክተር ኖርማን ቦርሎግ ደረሰ። በ1966 ሕንድ 18,000 ቶን የሜክሲኮ ስንዴ ዘር አስገባች፤ ቦርሎግም በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በአርሲና በባሌ የምናያቸው አጫጭር ስንዴዎች ከዚሁ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ዘር ድንበር ይሻገራል፤ ሊቀበለውና ከአፈሩና ከበሽታው ጋር ሊያላምደው የሚችል ተቋም ባለበት አገር ግን ብቻ ነው ሥር የሚሰደው። አሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤቷንና የእርሻ ኮሌጆቿን ያቆመችባቸው ሕጎች የወጡት በዚያው በ1862 ነው። የበቆሎ ምርቷ ግን እስከ 1930ዎቹ ድረስ በሄክታር ወደ 16 ኩንታል ላይ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ኩንታል በላይ ሆኗል። ሰባ ዓመት ያህል ለተቋማት ደመወዝ ከፈሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምርቱ የተንቀሳቀሰው። እኛ በሦስት ዓመት ውጤት ካልታየ ፕሮጀክቱን የምንዘጋ ሰዎች ይህን ብናስብበት እወዳለሁ።

ደግሞም ምርምር አንዴ ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ሲነሣ፣ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ስንዴ ተመታ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ፤ ሦስት ዓመት ሳይቆይ ዲገሉን ደግሞ ግንድ ዋግ አጠቃው። በዚያ ጊዜ ወደ አርሲ ለሥራ ሄጄ ነበር፤ አንድ ገበሬ ማሳው መካከል ቆሞ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በዋጉ ብናኝ ተቀብቶ «ዘር ለውጥ አላችሁኝ፣ ለወጥኩ፤ አሁንስ ምን ልለውጥ?» አለኝ። የምሰጠው ዘር በእጄ አልነበረም። ተመራማሪው አንድ ዓመት ቢያርፍ ዋጉ አያርፍም፤ ባለበት ለመቆየት እንኳ መሮጥ ያስፈልጋል። ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ሩጫ ሳያቋርጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሮጠዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ራሳችን። የእኛ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነበር። ሀብቱ ምን ያህል እንደሆነ ያወቅነው ባጣነው ጊዜ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ በነበረው ክፉ ቀን የከብት ወረርሽኝ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። መሬቱ ነበረ፣ ሰውም መጀመሪያ ላይ ነበረ፤ በሬው ግን አለቀ፤ ማሳው ጦም አደረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ሞከሩ። ነገር ግን በዶማ የሚቆፍር ሰው ጥማድ በሬ የሚያርሰውን ከየት ያደርሳል? ያው ሰው፣ ያው መሬት፣ ያው ትጋት፤ በመካከል ያለው ኃይል ሲጠፋ ሕዝብ አለቀ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለዚያ ወጣት ልሰጠው አልችልም።

ከኃይሉ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ፍሬው የማን ነው የሚለው ነው። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ፤ እኩል አራሽ። ካመረቱት ግማሹ ለባለ መሬቱ ይሄዳል፤ አሥራቱና ሌላው መዋጮ በላዩ ላይ ነው። አባቴ እንደነገሩኝ፣ አያቴ የማሳውን ዳር በድንጋይ ለመከተር አስበው ተዉት፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዓመት በዚያ መሬት ላይ መኖራቸውን አያውቁም ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአርሲ ጭላሎ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የእርሻ ልማት ሥራ ዘርና ማዳበሪያ በማዳረስ ብዙ መልካም ነገር አስገኝቷል፤ ይሁን እንጂ እርሻ ትርፋማ ሲሆን ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን አስለቀቁ። በሒሳብ ብንሄድ በዚያ መሬት ላይ የቀረው የእያንዳንዱ ሠራተኛ ምርት ጨምሯል። የተባረረው ጭሰኛ ግን ሊገባበት የሚችል ፋብሪካ አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ከዚህ ዓይነቱ ኑሮ የመጡ ናቸው። አዋጁ ጭሰኝነትን አስወገደ፤ አያቴ ያን ቀን አልቅሰዋል። ነገር ግን መሬቱ ከቤተሰብ ቤተሰብ እየተሸነሸነ ሄደ። በ1976ቱ ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ ወደ 42 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ያለ ኤርትራ ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰ። ከሄክታሩ የሚገኘው ኩንታል ቢጨምርም በአንድ ሰው እጅ ያለው ሄክታር ስለሚቀንስ፣ በአንድ በኩል የሞላነው በሌላው በኩል ይፈስሳል።

ስለ ገበያ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በ1985 ዓ.ም. በእነ ዶክተር ቦርሎግ ድጋፍ የጀመረው የሠርቶ ማሳያ ሥራ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በአንድነት ሲቀርብ የበቆሎ ምርት ምን ያህል እንደሚያድግ በገበሬው ማሳ ላይ አሳየ፤ መንግሥትም በመላ አገሪቱ አስፋፋው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ሞልቶ ተረፈ። ዋጋው ወዲያው ወደቀ፤ ለማዳበሪያ የተበደረው ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ አንዳንዱም የአጨዳ ወጪ ስለማያወጣለት በቆሎውን ማሳ ላይ ተወው። በሚቀጥለው ዓመት ድርቅ መጣ፤ ሰውም ተራበ። እንግዲህ የገበሬው ቀን የሚያፈራው እህል ዋጋ የሚኖረው መንገድ፣ መጋዘንና ገዢ ሲኖር ነው። እኔ ራሴ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ባገለገልኩበት ወረዳ በአንድ ክረምት ማዳበሪያው የደረሰው ጤፍ ከተዘራ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ገበሬዎቹ ተሰልፈው ተቀበሉ፣ ፈረሙ፣ ዕዳ ገቡ። ያን ቀን ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ከእርሻ ስለሚወጣው ሰው ነው፤ ለእኛ ለከተማ ዳር ሰዎች ከሁሉም የሚቀርበን ይህ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 ከአሥር ሠራተኞች አራቱ ገደማ በእርሻ ላይ ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶው ሁለት አይሞሉም። በጃፓንም ትንንሽ የእጅ ትራክተሮች በየማሳው የተስፋፉት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ፣ ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ሲሄድና መንደሩ የሰው እጅ ሲያጥረው ነው። በእኛ አገር ከሦስት ሠራተኞች ሁለቱ ገደማ አሁንም በእርሻ ላይ ናቸው። ማሽኑ የሚገባው የሰው ጉልበት ሌላ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ያ ቦታ ሳይኖር ማሽን ከገባ የጭላሎ ታሪክ ይደገማል። በአርሲና በባሌ ዛሬ ኮምባይነር በኩንታል እየተከፈለው ያጭዳል፤ ባለ አንድ ሄክታሩም ሳይገዛው ይጠቀምበታል። እዚህ ግን በመረሬው አፈራችን ላይ የሆነውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ መሬቱ ወደ ከተማ ገባ፣ አራሹ ካሳውን ይዞ ቀረ፣ አንዳንዱም በገዛ ማሳው ላይ ለተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ሆነ። ይህ ሰው ከእርሻ የወጣው የተሻለ ሥራ ስቦት አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን መውጣት ዕድገት ብዬ ልቆጥረው አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአፍሪካ አገሮች፣ በእኛም ጭምር፣ የገበሬውን ምርት በዓመት ሳይሆን በሰዓት የለኩ ጥናቶች በእርሻና በሌላው ሥራ መካከል ያለው ልዩነት በጣም እንደሚጠብ አሳይተዋል። ምክንያቱም ገበሬው በሚሠራበት ሰዓት የሚያስገኘው ከሌላው ያን ያህል አያንስም፤ የሚያንሰው በዓመት ውስጥ ሥራ የሚያገኝባቸው ቀናት ብዛት ነው። አባቴ ከአውድማ እስከ መጀመሪያው እርሻ ድረስ ያሉትን ወራት ምን ይሠሩ ነበር? ሽምብራና ጓያ ሰብስበው፣ ዕርፍና ሞፈር ጠርበው፣ ዕዳ ከፍለው ዝናብ ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ያሉት ወገኖቻችን የወተት ላም ሲይዙ፣ በወንዙ ዳር ያሉት በመስኖ አትክልት ሲያለሙ፣ ለዘመናት ባዶ የነበሩትን ቀናት እየሞሉ ነው። የአቃቂ ወንዝ ውሃ ንጹሕ ሆኖ ቢደርሰን ኖሮ ስንት ቀን ይሞላልን ነበር! ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ በየስብሰባው ከመናገር አልቦዝንም።

ልጆቼ፣ የ1974ቱን ደብተር ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ስለሳሳ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ እስካሁን የሚያርሱ ዘመዶች ያሏችሁ እያንዳንዳችሁ በዚህ ክረምት አንድ ማሳ ይዛችሁ እንደዚያው ቀኑን እንድትመዘግቡ እለምናችኋለሁ። እኔ ያስቀረሁትን የእናቶችን ቀንና የእረኛውን ልጅ ቀን ግን እናንተ አታስቀሩ፤ ውሃ የተቀዳበትን፣ እንጀራ የተጋገረበትን፣ ለደቦው ጠላ የተጠመቀበትን ሰዓት ሁሉ ጻፉ። በጥር ወር እህሉ ሲገባ እዚሁ አዳራሽ እንገናኝና ከአባቴ 86 ቀን አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከፊት ከተቀመጡት አባቶች እንጀምር።